ከወለሉ በታች ያለው ሥዕል

ሮስቪታ ሰልፍ ውስጥ ቆማ ጥርሷን ነክሳለች። ወሩ የካቲት ነው፤ የቪየና በረዶ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል፣ ከፊቷ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ተደርድሯል፣ አጠገቧ ደግሞ እናቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያንኑ ነገር ይደጋግማሉ።

«እኔ እዚሁ ነው የምኖረው። እዚሁ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ! ሰልፍ ያስያዘችኝ ይቺ ልጄ ናት።»

«እማዬ፣ ሰውዬው ጃፓናዊ ነው። የምትዪው አይገባውም።»

«ባይገባውስ? ፊቴን አይቶ አይረዳም?»

ጃፓናዊው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። «አየሽ!» አሉ ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ። «ከአንቺ እሱ ይሻላል።»

ውሸታቸውን ቢሆን ደግ ነበር። ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ ቪቦራል ግን የምር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ንጉሠ ነገሥቱ ከሄዱ በኋላ መንግሥት የላይኞቹን ፎቆች፣ ድሮ የአሽከርና የደንገጡር ማደሪያ የነበሩትን፣ እየከፋፈለ ለሠራተኞቹ አከራየ። ሟቹ ባለቤታቸው አቶ ኤጎን የባቡር መሥሪያ ቤት ሹም ስለነበሩ አንዱ ቤት ደረሳቸው። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ «የቤተ መንግሥት አማካሪ» የሚል ማዕረግ ተጨመረላቸው። የሚማከር ንጉሥ የለም፣ ማዕረጉ ግን አለ፤ ቪየና እንዲህ ናት። ሚስትም በባሏ ማዕረግ ትጠራለችና ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወይዘሮ አማካሪ» ሆኑ። ባለ ልኳንዳው እንደዚያ ብሎ ካልጠራቸው ዞር ብለውም አያዩት።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ሲኖሩ የነገሥታቱን አዳራሾች አንድ ቀን እንኳ አይተው አያውቁም። «ለገዛ ቤቴ ትኬት ልቁረጥ?» ይላሉ። የሚገቡት በጓሮ በኩል ባለው የተከራዮች ደረጃ ነው፣ የሚወጡትም በዚያው ነው። ከፊት በር የሚመጣ ሰው ለእሳቸው እንግዳ፣ ጫማ የማይጠርግ፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ፍጡር ነው።

እና ዛሬ ምን አመጣቸው? ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃው ነው የጀመረው። ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ ሊፍት አይገባለትም፤ ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ ደግሞ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። በመከር ወደቁ፣ ለገና ሰሞን ደገሙት። ሁለተኛው ጊዜ ጎረቤት ነው ያገኛቸው፣ ደረጃው መሐል ተቀምጠው «ዕረፍት ላይ ነኝ» እያሉ። ሮስቪታ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የላትም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይቆማል። ሦስተኛው መውደቅ የመጨረሻው እንደሚሆን ሐኪሙ በግልጽ ነግሯታል። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤቷ፣ ምድር ላይ፣ ለአትክልቱ ቅርብ የሆነ ክፍል አዘጋጀች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ እናቷ እሺ አሉ። ዕቃ ተጠቀለለ፣ ሰኞ የሚመጣው የጭነት መኪና ተቀጠረ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው «አልሄድም» አሏት።

«ምን ማለትሽ ነው አልሄድም?»

«ኮርኒሱን ማን ይጠብቀዋል?»

ሮስቪታ ያን ጊዜ ግድግዳውን በጭንቅላቷ መምታት አምሯት ነበር። ኮርኒሱ! የልጅነቷ ጠላት፣ የዕድሜዋ ባላጋራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና አባቷ ሙሽሮች ሆነው ቤቱ የገቡ ዕለት የቤት ጠባቂው አቶ ኩድርና ከተፍ አለ። የቪየና የቤት ጠባቂ ሲባል በር ላይ የሚቆም ዘበኛ እንዳይመስላችሁ። ቁልፍ ሁሉ በእጁ፣ ወሬ ሁሉ በጆሮው ነው፤ ተከራይ ከሚኒስትር ይልቅ እሱን ይፈራል። ኩድርናም ጣቱን ወደ ወለሉ ቀስሮ በሹክሹክታ፣ «ከእግራችሁ ሥር ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የንጉሠ ነገሥቱ ትልቁ አዳራሽ ኮርኒስ። ያ ሥዕል በአንዲት ዝላይ ይረግፋል። አደራ» አላቸው። አለቀ። ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ አደራዋን ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሰው ተራምዶ አያውቅም፣ ይንሳፈፋል እንጂ። በር ላይ ወፍራም የሱፍ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል፤ ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ የለም፣ ቄስም ቢሆን። የወንበሮቹ እግር ሁሉ ካልሲ ለብሷል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለሚንቀጠቀጥ አልተገዛም። ሮስቪታ ገመድ ሳትዘል፣ ኳስ ሳታነጥር አደገች። አንዴ ገላ መታጠቢያ ገንዳው ሞልቶ ውኃው ወለሉ ላይ ሲፈስ እናቷ እንደ ሐዘንተኛ ተንሰቀሰቁ። የፕለም አረቄና በእጃቸው የጋገሩትን የቫኒላ ብስኩት ይዘው ግቢው በር ላይ ወዳለችው የኩድርና የሥራ ክፍል ሄዱና ለአስተዳደሩ እንዳይናገርባቸው ለመኑት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔ እሸፋፍነዋለሁ» አላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ ሰውዬው እስኪሞት ድረስ፣ ገና በመጣ ቁጥር ብስኩቱ አልቀረበትም። ቀብሩ ላይም ከሚስቱ እኩል አልቅሰዋል።

ይህ ሁሉ ይቅር። ዳንሱ ግን! የቪየና ልጃገረድ ሁሉ ነጭ ቀሚስ ለብሳ የክረምቱን ትልቅ ባሎ መክፈት ትመኛለች፤ ባሎ እዚያ አገር ጭፈራ ብቻ አይደለም፣ ለአካለ መጠን የመድረስ ማስመስከሪያ ነው። ለመመረጥ ደግሞ ቫልስ የተባለውን የጥንድ ዳንስ ወደ ግራ እየዞሩ መደነስ ያስፈልጋል። ወደ ቀኝማ ማንም ይዞራል። ሌሎቹ ልጆች ሳሎናቸው ውስጥ ሌት ተቀን ሲሽከረከሩ ሮስቪታ ግቢው ጠጠር ላይ፣ በብርድ፣ ጫማዋ እስኪቀደድ ተለማመደች። የፈተናው ዕለት ለስላሳ ወለል ላይ ሲያቆሟት እግሯ ካደ፤ ሁሉም ወደ ግራ ሲዞር እሷ ወደ ቀኝ ዞረች፣ አብሯት የሚደንሰውን ልጅ እግር ረገጠች፣ መሥመሩን ይዛ ወደቀች። በቃ ተሰናበተች። ከዚያ ወዲያ አልደነሰችም። ያገባችው ሰው እንኳ ዳንስ የማይወድ ነው፣ መርጣ ነው ያገባችው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት «ኮርኒሱን ማን ይጠብቀዋል» ሲሏት ሮስቪታ ደሟ ፈላ፤ ቢሆንም ዋጥ አደረገችው።

«እማዬ፣ ምን ባደርግልሽ ነው የምትሄጂው?»

ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ አሰቡ። «ልየው። በደንብ ጠብቄው እንደሆነ በዓይኔ ልየውና እሄዳለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ይኸው ሰልፉ። ይኸው ጭቃው። ይኸው ጃፓናዊው።

ሰፊውን የጎብኚዎች ደረጃ እያረፉ ወጥተው ኮት ማስቀመጫው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ገርቲ የምትባለዋ ሠራተኛ ጫፉ ላይ ሜንጦ ባለው ረጅም ዘንግ ኮቶቹን ላይኛው መስቀያ ላይ እየሰቀለች ትጣደፋለች፤ ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ ግን ኮታቸውን አልሰጥም አሉ።

«የገዛ ቤቴ ውስጥ ኮቴን ለሰው አደራ ልስጥ?»

«እማዬ፣ ሰው ከኋላችን ቆሟል።»

«ይቁም! እኔስ ቆሜ የለም?»

ገርቲ ሣቀች። «እሜቴ፣ ኮትዎን እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ። ከዘራውን ይያዙት።» እሜቴ መባላቸው ደስ አሰኝቷቸው መሰለኝ ኮቱን ለቀቁላት።

ከዚያ ክፍል በክፍል፣ ንጉሥ በንጉሥ። እናቷ ሁሉም ቦታ የሚሉት አላጡም። የንጉሠ ነገሥቱን አልጋ አይተው «ወይ ማጠር! እግሩን የት ያደርገው ነበር?» አሉ። መጋረጃው አልታጠበም፣ መስተዋቱ አልተወለወለም፣ ምድጃው ውስጥ ማን አመድ ተወ። ሰው ሁሉ ማድመጫ ጆሮው ላይ ደቅኖ የተቀዳ የአስጎብኚ ድምፅ ሲሰማ እሳቸው በላዩ ላይ ያወራሉ። ሮስቪታ ክንዳቸውን ይዛ ወደፊት ትገፋለች፣ እሳቸው ወደ ኋላ ይጎትታሉ። «ምን ያጣድፍሻል? እሳት ተነሣ?» ይሏታል። ናላዋ ዞረ። አንድ ጊዜ የወርቅ ሰዓት ፊት ለፊት ቆማ «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮህ የትምህርት ቤት ልጆች ዞረው አይዋት፣ አስተማሪያቸውም ጣቷን አፏ ላይ አደረገችባት።

በመጨረሻ ትልቁ አዳራሽ ገቡ።

ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ ቀና አሉ። ዝም አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ሲሉ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

ኮርኒሱ ሰማይ ያህላል። በደመና ላይ ዙፋን፣ በዙፋኑ ዙሪያ ፈረሰኛ፣ ባንዲራ፣ ወፍራም ወፍራም ራቁት ሕፃናት፣ ሁሉም ባለ ክንፍ። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። አሮጊቷ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከጥግ እስከ ጥግ ተመለከቱት። 

«ስንጥቅ አለው?» አሉ በሹክሹክታ። «ሮዚ፣ ዓይንሽ ከኔ ይሻላል፣ ስንጥቅ ታያለሽ?»

«የለውም እማዬ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«እሰይ!» አሉና እንባቸው ዱብ አለ። «እሰይ! ኤጎን ይኼን ባየ። ያቺን ልጅ፣ ያቺን ሰማያዊ ቀበቶ ያላትን መልአክ እያት። አንድ ጣቷ እንኳ አልረገፈም። እኔ ነኝ ሮዚ። እኔ ነኝ የጠበቅኋት!» አጠገባቸው የሚያስለውን ወጣት ዞር ብለው «ቀስ ብለህ!» አሉት።

እውነቱን ለመናገር ሮስቪታም ሆዷ ባባ። እንኳን አመጣኋት አለች በልቧ። እናቷ እንዲያለቅሱ ትታቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና ወደ ግቢው ተመለከተች። ከግቢው ማዶ ሌላኛው ክንፍ አለ። ከላይኛው ፎቅ መስኮቶች አንዱ ላይ፣ በድርቡ መስኮት ሁለት መስታወቶች መሐል፣ ሰማያዊ ድስት ተቀምጧል።

ሮስቪታ ድስቱን አየችው። ዓይኗን ጨፍና ገልጣ እንደገና አየችው። የትናንቱ የበሬ ሾርባ ነው። እንዲቀዘቅዝ ብላ ዛሬ ጠዋት እሷው ነች እናቷ ኩሽና መስኮት ላይ ያስቀመጠችው።

ቤታቸው እዚያ ማዶ ነው። እዚህ ላይ አይደለም።

በዝግታ ወደ በሩ ሄደች። ዝላትኮ የሚል ስም ደረቱ ላይ የለጠፈ ጠባቂ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የልጅነት አገሩ ቦስኒያ መሆኑ ከአነጋገሩ ይታወቃል።

«ይቅርታ። ከዚህ አዳራሽ በላይ ማን ነው የሚኖረው?»

«ከዚህ በላይ?» ጠባቂው ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። «እርግብ። እርግብና አቧራ። አግዳሚ እንጨት ብቻ ነው እመቤቴ፣ ሰው የሚቆምበት ወለል እንኳ የለውም።»

«ድሮስ? ድሮም ሰው አልነበረበትም?»

«ድሮም።»

ሮስቪታ አመሰገነችና ባለችበት ቀረች። መጀመሪያ የመጣባት ሣቅ ነበር። ቀጥሎ ገመዱ፣ ኳሱ፣ የተቀደደው ጫማ፣ የወደቀችበት ለስላሳ ወለል ተራ በተራ መጡና ሣቁን ዋጡት።  ለእርግብ! ኧረ ለእርግብም አይደለም፣ እርግቦቹም ያሉት እዚህ ነው!

እናቷ እያነከሱ መጡ፣ ፊታቸው በርቷል።

«ሮዚ፣ አየሁት። እግዜር ይስጥሽ። አሁን ግን ጨርሶ አልሄድም።»

«ምን?»

«እንዲህ ያማረ መሆኑን መች አውቅ ነበር? እኔ ስወጣ የሚገባው ማን ነው? ከበሮ የሚመታ፣ ልጅ የሚያስዘልል፣ ያንን ስፖርት ምናምን የሚሠራ! በአንድ ሳምንት ነው የሚያረግፉት። አይሆንም። መኪናውን መልሺው።»

«ቃልሽን ሰጥተሽኛል!»

«ሳላየው ነዋ የሰጠሁሽ።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ! ሮስቪታ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ በቂ ናት፤ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ብትወስዳቸው እንኳ ሳትናገር ነገሩ ያልቃል። ሰኞ መኪናው ይመጣል፣ ደረጃው ይቀራል፣ ስልኩ አያስደነግጣትም። ለዚያ ሁሉ ዓመትም ዋጋውን ታገኛለች።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ በመስኮቱ...»

እናቷ ዞሩ። እንባው ጉንጫቸው ላይ ገና አልደረቀም፤ ሽልማት የተሰጠው ልጅ ይመስላሉ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም» አለች ሮስቪታ። «በረዶ እንደገና ጀምሯል ልልሽ ነው።»

በራሷ ተናደደች። ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ራሷን ስትሰድብ ነበር፤ ቂል፣ ጅል፣ የማትረባ፣ አሁን ሰኞ ምን ልታደርጊ ነው?

ኮታቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ የእናቷ ጉልበት ከዳ። ባንኮኒውን ተደገፉና ፊታቸው ነጣ። ገርቲ ሮጣ ወጥታ በሌላው ክንዳቸው ደገፈቻቸው፣ ወደ ውስጥ አስገብታ ኮቶቹ መሐል ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ውኃም ሰጠቻቸው። ክፍሉ እንደ አዳራሾቹ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ነጭ ኮርኒስ፣ ትንሽ መስኮት ያለው ተራ ክፍል ነው። ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ ውኃውን ጠጡ፣ ተነፈሱ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው ቀና አሉ።

ኮርኒሱ ላይ፣ ጥጉ አካባቢ፣ ቡናማ የውኃ እድፍ አለ። አንገት የሌላት ዝይ ትመስላለች።

«ያ ምንድን ነው?» አሉ።

«እሱን ይተዉት እሜቴ» አለች ገርቲ። «ስንቴ ቀለም ተቀባ፤ ተመልሶ ብቅ ይላል። ድሮ ላይ ያለው ተከራይ የገላ ገንዳ ሞልቶ ነው አሉ።»

ሮስቪታ ኮቱን እንደያዘች ቀረች።

«ይሄ ክፍል ምን ነበር?» አሉ እናቷ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

«የቤት ጠባቂው ቤት ነዋ! ኩድርና የሚባል። አክስቴ እዚህ ጽዳት ነበረችና ታሪኩን ስንቴ ነው የነገረችን። ከምሳ በኋላ መተኛት ሃይማኖቱ ነበር አሉ። እና ምን አደረገ መሰለዎት? ላይ ያሉትን ተከራዮች፣ ከሥራችሁ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል አለ፣ ስትዘሉ ይረግፋል ብሎ አስፈራራቸው! ሥዕሉ የት፣ እዚህ የት! እነሱም አመኑት። ኮቴያቸው እንኳ አይሰማም ነበር አሉ። በየገናውም ብስኩት ያመጡለት ነበር፣ ይታይዎት!» ገርቲ ሣቋ አላስችል ብሏት ዓይኗን በእጀታዋ ጠረገች።

ሮስቪታ ይኼን አልጠበቀችም። ለከንቱ የተደከመ መስሏት ነበር፤ ለኩድርና ነው። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት የኩድርናን እንቅልፍ ነው።

ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ እድፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ጥሩ እንቅልፍ ነበረው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የሞተ ነበር የሚመስለው አሉ!»

«እሰይ» አሉ ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ። «ኮቴን ስጪኝ፣ ሮዚ።»

ወርደው በጓሮ በኩል ዞሩ። የተከራዮቹን ደረጃ ጀመሩ። በየማረፊያው እናቷ ያስቀመጡት ወንበር አለ፤ መጀመሪያው ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን እያዩ፣ «ብስኩት አበላሁት» አሉ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ቫኒላው እውነተኛው ነበር። ለእናንተ እንኳ ርካሹን ነበር የማደርግላችሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ቀብሩ ላይ አልቅሻለሁ!» ድምፃቸው ደረጃው ውስጥ አስተጋባ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ። «አንቺ አልደነገጥሽም። ቀድመሽ ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ግማሹን። አዳራሹ ውስጥ ሆኜ በመስኮት ድስትሽን አየሁት። ኩድርናን ግን አላወቅሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንጃ።»

«አንቺ? ዝም? በሕይወትሽ ዝም ብለሽ አታውቂም እኮ!»

ሮስቪታ ሣቀች። እናቷ አልሣቁም፤ እጃቸውን ዘርግተው የኮቷን አንገት አስተካከሉላት፣ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲልኳት እንደሚያደርጉት፣ ከዚያ ተነሥተው ደረጃቸውን ቀጠሉ።

ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ሮስቪታ እንደ ልማዷ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች።

«ጫማሽን እንዳታወልቂ!»

ቀና ብላ አየቻቸው። ይኼ ቃል ከዚህ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ በጭቃ ጫማቸው ገቡ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቋ ቋ እያደረጉ በታሸጉት ካርቶኖች መሐል አለፉና መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ካልሲውን እንደለበሰ ነው።

«ያንቺ ቤት ወለሉ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሲሚንቶ ነው። ላዩ ጣውላ።»

«ከሥሩስ?»

«ከሥሩ ምድር ነው እማዬ። ምድር ብቻ።»

«ጎሽ። ሰኞ መኪናው ይምጣ።»

 ሮስቪታ አሸነፈች፤ ግን እንደ አሸናፊ ደስ አላላትም። እናቷ ወለሉን እያዩ ነው።

«ሮዚ፣ ዳንስሽን ለአንድ ሰነፍ እንቅልፍ አሳልፌ ሰጠሁት።» ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ጠጠር ላይ ስትዞሪ በዚህ መስኮት አይሽ ነበር። በብርድ። አይቼ ዝም አልኩ። እኔ ነኝ እንጂ ኩድርና ምን አደረገ፣ እሱማ ተኛ።»

«ተይው እማዬ። አለፈ።»

«አላለፈም። ያንን ወደ ግራ የሚዞረውን አሳዪኝ።»

«አሁን? ስድሳ ዓመቴን ደፈንኩ እኮ! ወገቤን ያመኛል፣ ቤቱ ካርቶን ብቻ ነው፣ ደግሞ ረስቼዋለሁ።»

«አልረሳሽም። እኔ እንኳ ከመስኮት አይቼ አልረሳሁትም። ተነሺ አልኩ!»

ሮስቪታ ካርቶኖቹን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገች። እናቷ ከዘራቸውን አነሡና ወለሉን መቱት፤ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። ሮስቪታ እጇን ለማይታይ ሰው ዘረጋች። መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ሄደች፣ ተረከዟ ወለሉን መንካት ፈራ።

«ርገጪው!» አሉ እናቷ። «እንደ ሰው ርገጪው!»

ረገጠችው። አሮጌው ጣውላ ጮኸ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አንዴ ዞረች፣ ካርቶን መታች፣ ተሳደበች፣ እንደገና ዞረች።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ ነው ያልኩሽ!»

«በግራ ነው እኮ የምዞረው!»

«በደንብ ዙሪ ታዲያ!»

በደንብ ዞረች። ኮቷን ሳታወልቅ፣ በጭቃ ጫማዋ፣ ወገቧን እያመማት ዞረች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሣቀች ለራሷም አልታወቃትም። ከዘራው አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል ይላል። ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

በድንገት ከሥራቸው ተንኳኳ። ቋ! ቋ! ቋ! ገርቲ ናት፣ በዚያ ባለ ሜንጦው ዘንግ ኮርኒሱን ከታች ስትመታ።

ሮስቪታ ባለችበት ደርቃ ቆመች። እናቷም ከዘራውን አንሥተው ቀሩ። ከሠርጋቸው ሰሞን ጀምሮ ወይዘሮ ኤርኔስቲኔ በየቀኑ የፈሩት ያንን ድምፅ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም።

ወለሉን ተመለከቱት። ከዚያ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ከፍ አደረጉ፣ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ወደ ታች መቱ።

«ተነሥ፣ ኩድርና!» ብለው ጮኹ። «ነግቷል!»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ምቱን ከመጀመሪያው ጀመሩላት።